ሥዕሊቱ የምትታበስበት ቀን

«የእመቤታችንን ፊት የበላችው ወለተሩፋኤል ናት» የሚለው ቃል ከደጀ ሰላሙ ቤት ሲወጣ፣ እማሆይ ወለተሩፋኤል ራሳቸው ከውጭ፣ ከግንቡ ጥግ፣ የጠበሉን ማሰሮ አሳርፈው ወገባቸውን በማቅናት ላይ ነበሩ። ድምፁ የደብሩ ዘበኛ የአያ ዋኘው ነው። አድማጩ ማን እንደ ሆነ አልታየም፤ «እረ ተው አያ ዋኘው!» ብሎ ሲስቅ ብቻ ተሰማ። አያ ዋኘው ግን አልሳቀም። «ፎቶግራፉን በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ እኮ። ያ ከአዲስ አበባ የመጣው የተማረ ሰውዬ አሳይቶናል። ፊት ነበራት፤ ዓይን ነበራት፤ ስትገባ ታይህ ነበር። ዛሬስ? የከፈን ጨርቅ! በያመቱ እየወጣች የምትፈትጋት ማን ናት ታዲያ፤ እኔ ነኝ?» እማሆይን ከነገሩ አስቀድሞ የወጋቸው የአንቱታው መቅረት ነበር። ይህ ሰው ጠላት በወጣ ማግሥት በደብሩ ከተቀጠረ ወዲህ «እማሆይ» ሳይል ጠርቷቸው፣ ከመቀመጫው ብድግ ሳይል አሳልፏቸው አያውቅም። በሌሉበት የሚጠሩበት ስም ሌላ መሆኑን በዚህ ዕድሜያቸው ሲሰሙ፣ የገዛ ቤታቸው በር የተዘጋባቸው ያህል ተሰማቸው። ማሰሮውን ድምፅ እንዳያሰማ በቀስታ አንሥተው፣ በመጡበት ሳይሆን በመቃብሮቹ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ዞረው ሄዱ።

ዕለቱ ጥር ሃያ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነው። በጎንደር በግራር ማርያም ደብር ይህ ቀን ሥዕሊቱ የምትታበስበት ቀን ይባላል። ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ በምዕራብ በኩል፣ በቀጭን ሸማ ላይ ተሥላ የተለጠፈች እመቤታችን ከነልጇ አለች። ሥዕሊቱን ያሠራችው ወይዘሮ፣ ከዘሯ አንዲት ሴት በየዓመቱ በበዓሏ ዋዜማ አቧራዋን በእጇ እንድታብስ ቃል አስገብታ ስላለፈች፣ ማበሱ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ ከእማሆይ ደርሷል። በዚያው ዓመት የተፈተለ የጥጥ ጨርቅ በጠበል ይነከራል፤ ሥዕሊቱ ትታበሳለች፤ ጨርቁም በመዳብ ሳህን ላይ ተጨምቆ ውኃው በሽተኛ ላለበት ሁሉ ይታደላል። ሰው የውኃውን ኃይል የሚያውቀው በመልኩ ነበር። ሰማያዊ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ሲወርድ እልልታው ከቅጥሩ ውጭ ይሰማል፤ ጠርቶ የወረደ እንደሆን ግን «ዘንድሮ አልፈቀደችም» ተብሎ ዓመቱን ሁሉ ይታዘናል።

የእማሆይ ቤት ከቅጥሩ በታች፣ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። በውስጠኛው ክፍል፣ ከመደቡ ላይ፣ የታናሽ እህታቸው የባንቺአየሁ ልጅ እናኑ ተኝታለች። ባንቺአየሁ ከዳባት በላይ ካለው ደጋ ልጇን እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያም በእህል ጭነት መኪና ላይ አሳፍራ ካመጣቻት ሳምንት ሆኗታል። ልጅቱ ከመኸር ጀምሮ ትኩሳት እየተመላለሰባት ሥጋዋ አልቆ ዓይኗ ብቻ የቀረ ይመስላል። ሐኪም ቤት ተወስዳ መርፌ ተወግታ፣ ኪኒን ተሰጥቷት፣ «ሰኞ መልሷት» ተብላለች። ባንቺአየሁ ኪኒኑን በሰዓቱ ትሰጣታለች፤ ተስፋዋን ግን ከኪኒኑ ላይ አላኖረችም። ከዚህች በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ጎንደር ርቋት የሥዕሊቱ ውኃ ለሁለቱም አልደረሰላቸውም። የሁለቱ ልጆች ነገር በእህትማማቾቹ መካከል አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። የሚያወሩት ስለ ላምባ መወደድ፣ በዳባት ገበያ ሽንኩርት ከፒያሳው በግማሽ እንደሚረክስ፣ የቤቱ ክዳን ከክረምት በፊት መታደስ እንዳለበት ነው። ወሬው ሲያልቅ ሁለቱም እሳቱን ያያሉ።

«ዛሬ ነው አይደል እታለም?» አለች ባንቺአየሁ፣ እህቷ ማሰሮውን ሲያስቀምጡ።

«ዛሬ ነው።»

«ከፊቷ ታብሽልኛለሽ። የታቹ አልቋል ይላሉ፤ ኃይል የለውም አሉ።»

እማሆይ የማሰሮውን አፍ በኮባ ቅጠል ደፈኑና፣ «ልጅቱ እህል ቀመሰች?» ብለው ጠየቁ። «ምነው እታለም፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አለች ባንቺአየሁ። «ዳገቱ ነው» አሉ።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ አዲሱን ጨርቅና የመዳቡን ሳህን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገቡ፣ አቶ ሐዲስ ከመሰላሉ ላይ ቆሞ ሥዕሊቱን በአጉሊ መነጽር ይመለከት ነበር። አባቱ የቆላ ድባ ሰው ናቸው፤ እርሱ ግን ባሕር ማዶ ተሻግሮ የጥንታዊ ሥዕሎችን አመረማመርና አጠባበቅ ተምሮ፣ ከአዲስ አበባ ታዞ የመጣ ጎልማሳ ነው። የደብሩ ሰዎች በመጀመሪያ የጠረጠሩት ሥዕሊቱን ቆርጦ ሊወስድ ነው ብለው ነበር። እርሱ ግን ሰሞኑን ሁሉ የሠራው ሌላ ነው፤ ይለካል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ የጠመጠመውን ጥጥ አርጥቦ ከሥዕሊቱ ጠርዝ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ያስነካና፣ ጥጡን በትንሽ ጠርሙስ ከትቶ ቦታውን ይጽፍበታል። ቄሰ ገበዙ አባ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መክፈቻ በእጃቸው ያለ አዛውንት ካህን ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይህን ሁሉ በዝምታ ይጠብቁ ነበር። ሐዲስ እማሆይን ሲያይ ከመሰላሉ ወርዶ እጅ ነሣ። እርሳቸው ሰላምታውን ተቀብለው ሳይጨርሱ፣ «ልጄ፣ የበላኋት እኔ ነኝ?» አሉት።

«ማን እንዲህ አለዎት እማሆይ?»

«የፈለገ ይበለው። አንተ ታውቃለህ አሉ፤ ንገረኝ።»

ሐዲስ ወደ ቄሰ ገበዙ ተመለከተ፤ ቄሰ ገበዙ ወደ ወለሉ ተመለከቱ። ከዚህ በኋላ ከሣጥኑ በሁለት ካርቶን መካከል የተቀመጠ ፎቶግራፍ አወጣ። ከወረራው በፊት በጎንደር ያለፈ አንድ መንገደኛ ያነሣው ነው። ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ። በፎቶግራፉ ውስጥ ያለችው እመቤታችን እማሆይ በልጅነታቸው የሚያውቋት ናት፤ አንገቷን ወደ ልጇ ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኖቿ ተከፍተው፣ ሽፋሽፍቶቿ እንደ ቀጭን ሣር ተሠልፈው። ከእግሯ ላይ ግን ያን ጊዜም ነጭ ነበር። ጥቁርና ነጭ በሆነው ወረቀት ላይ የልብሷ ጫፍ ካለበት በታች ባዶው ሸማ አግጥጦ ይታያል። ሐዲስ ጣቱን ከዚያ ላይ አሳረፈ።

እናታቸው የሚያብሱት እግሯን ብቻ ነበር። እግሯ ነጭ ሆኖ ውኃው ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ግን ሴቶቹ «ኃይሉ አነሰ» አሉ፤ ማበሱም ለእማሆይ በደረሰ ጊዜ፣ ከልብሷ ጫፍ ቢያሳርፉት ውኃው እንደገና ሰማያዊ ሆነ። እልልታ ሆነ። ጫፉ ሲያልቅ ወደ ጉልበቷ፣ ጉልበቷ ሲያልቅ ልጇን ወዳቀፈችበት እጅ ወጡ። በተስቦው ዓመት፣ በየቤቱ ሬሳ ሲወጣ፣ አንዲት ሴት ከእግራቸው ሥር ወድቃ «ከፊቷ! ከፊቷ!» ብላ ስትጮህ ጊዜ እጃቸውን ወደ ፊቷ አነሡ። ያን ዓመት ውኃው እንደ ወይን ጠጅ ቀልቶ ወረደ። በዓመቱም፣ ከዚያም በዓመቱ፣ ወደ ታች መመለስ አልተቻለም፤ ታች የተረፈ ቀለም አልነበረምና። ይህን ሁሉ ያደረጉት በርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄያቸውም ደረጃ በደረጃ፣ እንደ መሰላል፣ ከእግሯ እስከ ግንባሯ ወጥቶባታል።

«ቀለሙ የተበጠበጠው በቆዳ ሙጫ ነው» አለ ሐዲስ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ሙጫ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። አቧራው በደረቅ ላባ ቢጠረግ ኖሮ…» ብሎ አቋረጠው።

«ጠበል ነው እኮ ልጄ። ዝም ብሎ ውኃ ነው?»

«ጠበሉ ቅዱስ አይደለም አላልሁም እማሆይ። ሙጫው ግን የሚያውቀው ውኃነቱን ነው።»

«የዳነውስ ሰው? ስንቱ ድኗል።»

«እርሱ በአጉሊ መነጽር የማየው ነገር አይደለም። አላውቅም ነው መልሴ።» ይህን ብሎ ፋኖሱን አነሣና፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ አበራው። በዚያ ብርሃን የቀረው የግራ ዓይን በጥላ ተሞላ። ቀለሙ ከሸማው ተነቅሎ፣ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ውኃ እንደ ራቀው የማሳ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሐዲስ ከበዓሉ በኋላ እያንዳንዷን ቅርፊት በስስ ወረቀትና በቀጭን ሙጫ መልሶ እንደሚያስተኛት ነገራቸው። የጠፋውን አይሥልም፤ ያልነበረ ፊት ለእመቤታችን መፍጠር ሥራው አይደለም። የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል፤ እስከዚያ እርጥብ ነገር ካልነካው። ከነካው ያ ዓይን ከጨርቁ ጋር ይወርዳል።

እማሆይ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሩ። «አባቴ፣ ምን ያዙኛል?»

«ምን ልዘዝ እማሆይ?» አሉ አባ ተክለ ጊዮርጊስ። «አታብሱ ብል፣ ደጅ ያለው ሕዝብ በተማሪ ምክር ጠበል ነፈገን ይለኛል። አብሱ ብል፣ ይህ ሰው ለአዲስ አበባ ይጽፋል። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን እከፍትልዎታለሁ። ከውስጥ ያለው የእርስዎና የእመቤታችን ነው።»

«ባብስም ተወቃሽ እኔ፣ ባላብስም ተወቃሽ እኔ። ሸጋ ፍርድ ነው አባቴ» አሉ እማሆይ። ቄሰ ገበዙ አፈሩ፤ ፍርዱን ግን አላሻሻሉትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የደብሩ ደጅ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ከጠዳ የመጡ አሉ፤ ከከተማውም አሉ። አንዳንዷ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ አንዳንዷ ብርሌ፣ አንዳንዷ የቅል ስባሪ ይዛለች። ባሏ በጎኑ ተኝቶ መነሣት ያቃተው ቅቤ ነጋዴዋ አየለች ከሁሉ ፊት ቆማ ተራ ታስይዛለች። ዓይነ ስውር እናቷን በጀርባዋ አዝላ የመጣችው አባይነሽ ከግራሩ ሥር ተቀምጣለች። እማሆይ የጠበሉን ማሰሮ ይዘው በመካከላቸው ሲያልፉ የነጠላቸውን ጫፍ እየነኩ ተሳለሙት። አያ ዋኘውም ብድግ ብሎ፣ «እማሆይ፣ በጸሎትዎ አይርሱኝ» አላቸው።

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ጨርቁን ከጠበሉ ነክረው፣ መሰላሉን አንድ በአንድ ወጡ። ጨርቁ ከእጃቸው ላይ እያንጠባጠበ ከዓይኗ ፊት ለፊት ቆመ። ከዚህ ቀደም ከዚህ ቦታ ሲደርሱ የሚጸልዩት ጸሎት ነበራቸው፤ ዛሬ ከአፋቸው የወጣው ግን «አንቺም እናት ነሽ» የሚል ብቻ ነው። ምልክት ጠበቁ፤ ምልክት አልመጣም። ከአፍንጫዋ ሥር፣ አፏ ከነበረበት አጠገብ፣ የተቆለመመ ቀይ ቅርፊት ቀርቷል፤ ሲያዩት በትኩሳት የተላጠውን የእናኑን ከንፈር መሰላቸው። አንዲት ጥግ፣ ለአንዲት ልጅ፣ ማን ያያል? የጨርቁን ጫፍ በጣታቸው ጠቅልለው አስጠጉት፤ ከቅርፊቱ ሊደርስ የቀረው የጥፍር ውፍረት ያህል ነበር። ነገር ግን በሚመጣው ዓመት እንዲሁ የምትለምናቸውን ሌላይቱን አየለች፣ ሌላይቱን አባይነሽ አሰቡ። ለሌላው ሰው ልጅ የነፈጉትን ለእህታቸው ልጅ ቢሰርቁ፣ አያ ዋኘው ያለው ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። እስከ ዛሬ ያጠፉት ሳያውቁ ነበር፤ አሁን ግን ያውቃሉ። እጃቸውን ሲያወርዱ ክንዳቸው ከትከሻቸው የተነቀለ ያህል ከበዳቸው። ከመሰላሉም እስኪወርዱ ድረስ ዓይናቸውን ከሥዕሊቱ አላነሡም።

በሩን አስከፍተው ከደረጃው ላይ ቆሙ። «አላበስሁም» አሉ። «ከእንግዲህም በውኃ አትታበስም። ውኃ እየፈታት ነው፤ ያጠፋኋት እኔው ነኝ። ጠበሉ ከምንጩ አለ፤ ከዚያ ቅዱ።»

ከዚያ አየለች፣ «ለእህቷ ልጅ ቀድሞ ተቀድቷላ!» አለች። «የቤት ልጅ ከጠገበች የደጁ ምን ይሁን!»

«ጨርቁን ያሳዩን!» አለች ሌላይቱ።

እማሆይ ጨርቁን ሰጧት። አየለች ተቀብላ በገዛ መዳፏ ላይ ጨመቀችው። የወረደው ውኃ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው አዩትና ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። «እመቤታችን ራሷ ከልክላቸው ነው» አለች አባይነሽ በቀስታ፣ በሐዘን እንጂ በክፋት አልነበረም። «አንድ ነገር ቢኖርባቸው ነው።» ነገሩ ወዲያው ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈና ተቀባይነት አገኘ፤ ሥዕሊቱ አላለቀችም፤ እጃቸው ነው የረከሰው። ከግድግዳው ጥግ ቆሞ የነበረው ሐዲስ ሊናገር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲል እማሆይ በእጃቸው ከለከሉት። «ተው ልጄ» አሉት ሲጠጋቸው። «አንተን ቢጠሉህ ሥራህን አያስጨርሱህም። እኔን ቢጠሉኝ ሥዕሊቱ አትነካም።» ሴቶቹ ጥቂቶቹ ወደ ምንጩ፣ ብዙዎቹ ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ወሬው ከእርሳቸው ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። ባንቺአየሁ ከመደቡ ራስጌ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እማሆይ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ከመደቡ ግርጌ ተቀመጡ። ከውጭ የዋዜማው ከበሮ ጀምሯል። ፀሐይ ወደ ማዶው ጋራ ስለዞረች ክፍሉ መደብዘዝ ይዟል።

«ለእኔ እንኳ፣ እታለም?» አለች ባንቺአየሁ።

«ለአንቺ እንኳ።»

«ሁለቱን ስቀብር ሩቅ ነበርሁ፤ በርቀቴ አመካኘሁ። አሁን በምን ላመካኝ? ያውና፣ ከዚህ ይታያል ጣራው።»

እማሆይ የሥዕሊቱን ዓይን ቅርፊት፣ የፋኖሱን ብርሃን ለዚህች ሴት ቢነግሯት ከጆሮዋ አይደርስም፤ ቢደርስም ከልጇ አይመዝንም። የኪኒኑ ሰዓት ሲደርስ ተነሥተው ውኃ በኩባያ አመጡ። ባንቺአየሁ ሳታያቸው ከእጃቸው ተቀብላ ለልጅቱ ሰጠችና ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ ስለ ላምባ ዋጋ በማውራት የሚሞላ ዓይነት አልነበረም።

ከመካከላቸው የተኛችው እናኑ ነበረች የሰበረችው። «እማሆይ፣ ሥዕሊቱ ምን ትመስላለች? አላየኋትም እኮ።»

«ሸጋ ናት» አሉ እማሆይ። ከዚያም ከፎቶግራፉ ያዩትን ከልጅነታቸው ጋር እያስማሙ ይነግሯት ጀመር። «አንገቷን ወደ ልጇ ዘንበል አድርጋለች። ዓይኗ ትልልቅ ነው። ልጇን ታያለች፤ ግን አንቺም ስትገቢ የምታይሽ ይመስልሻል። ሽፋሽፍቷ ቀጭን ነው፤ የሣለው ሰው አንድ በአንድ አውጥቶታል።»

«ልብሷስ?»

ሰማያዊው ነበር፤ ቀዩም ነበር፤ እማሆይ አሳምረው ያውቁታል። ነገር ግን ሊያስታውሱ በሞከሩ ቁጥር የሚመጣባቸው በመዳቡ ሳህን ላይ የሚዞር ውኃ ነው፤ ሰማያዊ የሆነበት ዓመት፣ ቀይ የሆነበት ዓመት። በእመቤታችን ላይ ሳለ የትኛው የት እንደ ነበረ ጠፋባቸው። እነዚያን ቀለሞች በሙሉ በእጃቸው ዳስሰዋቸዋል፤ ቦታቸውን ግን አጡት። «ልብሷ…» አሉ፤ «ልብሷ እንኳ ልጄ…» ብለው ተዉት።

«ቀሚሷ ቀይ ነው» አለች ባንቺአየሁ።

አልዞረችም። ለግድግዳው የምትነግረው ይመስል ነበር። «ከላይ የደረበችው ሰማያዊ ነው። ከራሷ ጀምሮ እስከ እግሯ ይወርዳል። የውስጡ ገበር ብጫ ነው፤ የታጠፈበት ቦታ ብቻ ይታያል። እናታችን አቅፋኝ ታሳየኝ ነበር።»

«እግሯስ እናቴ? ጫማ አላት?» አለች እናኑ።

እግሯ ገና በእናታቸው ዘመን ነጭ ሆኖ ነበር። እማሆይ ሳህኑን ከጭናቸው አውርደው፣ ምንም እንዳይጮኽ በቀስታ ከመሬት ላይ አኖሩትና፣ እህታቸው እስክትቀጥል ጠበቁ።